መስፉ በኪሎ ወይስ በሥራው? የአሮጌ ቀጥቃጭ መሣሪያ የሐራጅ ዋጋ ለምን አይጨበጥም

የሐራጅ ማስታወቂያው በጋዜጣ የኋላ ገጾች፣ ከተሽከርካሪና ከሕንፃ ሽያጭ ሥር ተሸጉጦ ይወጣል። ተራ ቁጥር፣ የንብረቱ ዓይነት፣ ብዛት፣ የጨረታ መነሻ ዋጋ ይደረደራል። ከዝርዝሩ ግርጌ ላይ «ልዩ ልዩ ብረታ ብረትና የወርክሾፕ ዕቃዎች በጥቅል» የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች። የመኪና ገዢው ዘሏት ያልፋል። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ኪሎዋን ያሰላል። በዚያች መስመር ውስጥ ግን አንዳንድ ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል መስፍ፣ ባለረጅም እግር ሞርሳ፣ በእጅ የሚዞር የእሳት ማናፈሻና ደርዘን ጉጠት ተቀብረው ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከዝገት በቀር ምንም የለም።

ያገለገሉ የቀጥቃጭ መሣሪያዎችን በሐራጅ መግዛት በአዲስ አበባ የዕቃ ገበያ ውስጥ ዋጋው ከማይጨበጥ ሥራዎች አንዱ ነው። ያው ጥቅል በአንደኛው ጠዋት በቁርጥራጭ ሒሳብ ይሄዳል፤ በሌላ ጠዋት ደግሞ ከአዲስ ዕቃ ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ ይጠራበታል። በዘርፉ የቆዩ ደላሎች ሳይቀሩ ይህን የዕድል ጉዳይ ሲያደርጉት ይሰማል። ነገሩ በቅርብ ሲታይ ግን ዕድል የተባለው አብዛኛው ክፍል ሊቆጠርና ሊሰላ የሚችል ሆኖ ይገኛል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

የአገሬው ባህላዊ ቀጥቃጭ መሣሪያ ወደ ሐራጅ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ወናፉም፣ መዶሻውም፣ መስፉም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለሐራጅ የሚቀርበው በአብዛኛው ከውጭ የገባውና በትላልቅ ወርክሾፖች ሲሠራበት የኖረው ነው። በ1895 ዓ.ም የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የባቡር ጥገና ጋራዦች፣ ቆየት ብሎም እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች፣ የስኳር ፋብሪካዎችና የመንገድ ሥራ ጋራዦች የራሳቸው የብረት ማጋያና መቀጥቀጫ ክፍል ነበራቸው። ብየዳና ቶርኖ እየተስፋፉ ሲሄዱ የማጋያው ክፍል ሥራ አነሰ። መሣሪያው ወደ መጋዘን ገባ፤ ከዓመታት በኋላም በንብረት ማስወገድ ስም ለሽያጭ ይወጣል።

ሁለተኛው ምንጭ ባንክ ነው። ብድሩን ያልከፈለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ በመያዣ የሰጠው ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት፣ ባንኩ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል። ሦስተኛው ምንጭ በፍርድ አፈጻጸም የሚሸጥ ንብረት ነው።

ገዢዎቹም ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሲሆን የሰበሰበውን ለማቅለጫ ፋብሪካዎች ያስረክባል። ሁለተኛው በመርካቶ ምናለሽ ተራና አካባቢው አሮጌ መሣሪያ ገዝቶ የሚቸረችረው ነው። ሦስተኛው ራሱ ቀጥቃጩ ነው፤ ከመኪና ባሊስትራ ቢላዋና መጥረቢያ፣ ከአሮጌ ብረት ዶማና ማረሻ የሚያወጣው ሰው። ሦስቱም ያንኑ መስፍ ያያሉ፤ የሚያዩት ዋጋ ግን የተለያየ ነው። የሐራጁ ዋጋ መዋዠቅ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

አንድ ጥቅል፣ ሁለት ዋጋ

ነገሩን በስሌት ለማየት ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሥሪያ ቤት 1,200 ኪሎ የሚመዝን የተደባለቀ ብረታ ብረት በአንድ ጥቅል አወጣ እንበል። ውስጡ 80 ኪሎ ገደማ የሆነ መስፍ አለ። ለሒሳብ እንዲመች የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ በኪሎ 50 ብር፣ የማጓጓዣና የማስጫኛ ወጪ 8 ሺህ ብር ይሁን።

የቁርጥራጭ ነጋዴው ሒሳብ ቀላል ነው። 1,200 ኪሎ በ50 ብር ሲባዛ 60 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 8 ሺህ ወጪና 4 ሺህ የራሱን ትርፍ ቀንሶ 48 ሺህ ብር ይጠራል። ለእርሱ መስፉ እንደ ማንኛውም ብረት 4 ሺህ ብር ነው።

የአሮጌ መሣሪያ ቸርቻሪው ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። መስፉ ደህና ብረት ከሆነ ብቻውን 40 ሺህ ብር ያወጣል ብሎ ይገምታል። የቀረው 1,120 ኪሎ 56 ሺህ ብር ያወጣል። ድምሩ 96 ሺህ ሲሆን ወጪው ሲቀነስ 88 ሺህ ብር ይቀራል። መስፉ የማይረባ ከሆነ ግን ጥቅሉ በሙሉ ከወጪ በኋላ ከ52 ሺህ ብር አይበልጥም። በአንዱ ግምትና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት 36 ሺህ ብር ሲሆን፣ ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ዕቃ ላይ ነው።

ስለዚህ በዝናባማ ጠዋት የቁርጥራጭ ነጋዴዎች ብቻ ከተገኙ ጥቅሉ በ48 ሺህ ይሸጣል። መስፉን ያዩ ሁለት ቸርቻሪዎች ከተገናኙ ደግሞ 80 ሺህ ሊደርስ ይችላል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጣው ሰው ነው። በአንድ ቀን የሐራጅ ዋጋ ተነስቶ «የመስፍ ዋጋ ይህን ያህል ነው» ብሎ መደምደም የማያስተማምነውም ለዚህ ነው።

አሸናፊው ለምን ይከስራል?

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ «የአሸናፊው እርግማን» ይሉታል። ኬፐን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ መሬት በጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች ያሰቡትን ትርፍ ለምን እንዳላገኙ አስረድተዋል። ከመሬቱ ሥር ምን ያህል ነዳጅ እንዳለ ማንም በትክክል አያውቅም። ሁሉም ይገምታል። ግምቱ የተጋነነው ኩባንያ ከሁሉ የላቀ ዋጋ ይሰጣል፤ ያሸንፋልም። ይህም ማለት ማሸነፉ ራሱ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አጋንኖ መገመቱን የሚጠቁም ነው።

መስፍም ከነዳጅ መሬት የተለየ አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ አንዱ ቸርቻሪ 50 ሺህ፣ ሁለተኛው 65 ሺህ፣ ሦስተኛው 80 ሺህ ብር ቢሰጡ ዕቃው የሚሄደው መስፉ ደህና መሆኑን ባረጋገጠው ሳይሆን ደህና ነው ብሎ በተማመነው ላይ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። በማስታወቂያው ላይ ዋጋው ታክስን እንደማይጨምር ተገልጾ ከሆነ 15 በመቶ ሲታከልበት 80 ሺህ ብር 92 ሺህ ይሆናል። ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ የከፈለውን በሒሳብ ማወራረጃው ላይ ሊያቀናንሰው ይችላል። ላልተመዘገበው ትንሽ ነጋዴ ወይም ቀጥቃጭ ግን የወጣ ወጪ ነው። መስፉ ደህና ሆኖ ቢገኝ እንኳ 88 ሺህ ለሚያወጣ ዕቃ 92 ሺህ ከፍሎ 4 ሺህ ብር ይከስራል። የማይረባ ከሆነ ደግሞ ኪሣራው 40 ሺህ ይደርሳል።

የጨረታው ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። በግልጽ ሐራጅ ተጫራቾች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አንዱ ከሌላው ይማራል። ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ሲያቆም የማያውቀውም ያመነታል። በታሸገ ፖስታ በሚካሄድ ጨረታ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይገምታል፤ ፖስታው ሲከፈት በሁለተኛውና በአንደኛው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእነዚህ ጨረታዎች ጠባይ ተራ ነገር አለመሆኑን እ.ኤ.አ በ2020 ለፖል ሚልግሮምና ለሮበርት ዊልሰን በጨረታ ጽንሰ ሐሳብ የተሰጣቸው የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማት ያመለክታል።

መስፉ ምን ይናገራል?

በሐራጅ ማስታወቂያዎች ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ትርጉሙ ገዢው ካነሳው በኋላ ቅሬታ የለም ማለት ነው። ስለሆነም የዕቃ ማሳያው ቀን ከጨረታው ቀን ይልቅ ዋጋ አለው። ሻጩ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በመዝገብ የሰፈረለትን ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ቀጥቃጩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከመዝገቡ የበለጠ ሊያውቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መስፉ ፊቱ ጠንካራ ብረት የሆነ ነው ወይስ ሙሉ በሙሉ ጊዛ (ተቀልጦ የፈሰሰ ብረት) የሚለው ነው። ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች አንዲት የብረት ኳስ ለዚህ ትበቃለች። ከአንድ ስንዝር ከፍታ በመስፉ ፊት ላይ ስትለቀቅ፣ በጥሩ መስፍ ላይ ከወደቀችበት ከፍታ ሦስት አራተኛውንና ከዚያም በላይ ነጥራ ትመለሳለች። በተራ ጊዛ ላይ ግን ግማሹን እንኳ ለመድረስ ይቸግራታል። ኳሷን በፊቱ ላይ በተለያየ ቦታ መጣል ይገባል። በአንዱ ሥፍራ ነጥራ በሌላው ከሞተች የላይኛው ብረት ከሥሩ ተላቅቋል፣ ወይም በብየዳ ተጠግኖ ለስልሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ደህና መስፍ በትንሽ መዶሻ ሲነካ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ፊሸር የተባለው የአሜሪካ መስፍ አካሉ ጊዛ፣ ፊቱ ጠንካራ ብረት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ለሥራ ግን ጥሩ ነው። በድምፁ ብቻ የፈረደ ተጫራች ይህን ትቶ ይሄዳል፤ የሚያውቀው ደግሞ በርካሽ ያነሳዋል።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። በአሮጌ የእንግሊዝ መስፎች ጎን ላይ ሦስት ቁጥሮች ተራርቀው ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 1፣ 2፣ 10። ይህ የሞዴል ቁጥርም የኪሎ ልክም አይደለም። የመጀመሪያው በ112 ፓውንድ፣ ሁለተኛው በ28 ፓውንድ ይባዛል፤ ሦስተኛው እንዳለ ይደመራል። 112 ሲደመር 56 ሲደመር 10፣ በጠቅላላው 178 ፓውንድ ወይም 81 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያነብ ሰው ሚዛን ሳይፈልግ ክብደቱን ያውቃል፤ ከዚህም በላይ ፊቱ በብረት የተለበጠ የአሮጌ ሥራ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራል።

በአንጻሩ አዲስ ቀለም የተቀባ መስፍ ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ ቀለም ስንጥቅንም ብየዳንም ይሸፍናል። የተቃጠለ መጋዘን ውስጥ የቆየ መስፍ ደግሞ ቅርጹ ሳይለወጥ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። መልኩ ያማረ፣ ሥራ ላይ ግን በመዶሻ የሚጎደጉድ ሆኖ ይገኛል።

ሌሎቹ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ሞርሳ ሲታይ መንጋጋው ሳይሆን ጠመዝማዛ ጥርሱ ይመረመራል፤ ጥርሱ ያለቀ ሞርሳ ቁርጥራጭ ብረት ነው። በእጅ የሚዞር ማናፈሻ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ከተሸራረፉ መለዋወጫ አይገኝለትም። በሞተር የሚሠራ መዶሻ ለሚገዛ ሰው ስሪ ፌዝ መብራትና የኮንክሪት መሠረት ከዋጋው ጋር አብረው ይታሰባሉ። ጉጠትና የመዶሻ አናት ግን እጅግም አያሳስቡም፤ ቀጥቃጩ ራሱ አግሎ ያስተካክላቸዋል።

ጥሩው ዕቃ ለምን ወደ ማቅለጫ ይሄዳል?

በጥቅል መሸጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቀጥቃጩን ነው። መስፉን በ35 ሺህ ብር ለመግዛት ዝግጁ ቢሆንም ከመስፉ ጋር 1,120 ኪሎ ዝገት እንዲገዛ ይጠየቃል። ገንዘቡም፣ ማስቀመጫ ቦታውም የለውም። በዚህ ላይ የባንክ ሐራጅ ሲሆን የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዞ፣ ካሸነፈ ቀሪውን ብዙውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ መክፈል ይጠበቅበታል፤ ካልከፈለ ያስያዘውን ያጣል። የሥራ ማስኬጃው ሁሉ በዚያ ሲፒኦ ውስጥ ያለ ሰው በግምት መጫወት አይችልም። ስለዚህ አይመጣም።

እርሱ ሲቀር ጨረታው ለኪሎ ቆጣሪዎች ይቀራል፤ መስፉም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። የማቅለጥ ብክነት ሳይታሰብ ከ80 ኪሎ መስፍ የሚወጣው 12 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሰባት ተኩል የባለ 12 ሚሊ ፌሮ ዘንጎች ናቸው። ለሌላ 50 ዓመት ዶማና መጥረቢያ ሊያወጣ የሚችል መሣሪያ የአንዲት ትንሽ ቤት ኮለን ሆኖ ያልቃል።

ሻጩም አይጠቀምም። በምሳሌው መሠረት ጥቅሉ ለቁርጥራጭ ነጋዴ በ48 ሺህ ሲሸጥ፣ መስፉ ብቻውን በ35 ሺህ፣ የቀረው በኪሎ ሒሳብ በ44 ሺህ ቢሸጥ ኖሮ 79 ሺህ ብር ይገኝ ነበር። አንድ ዕቃ ከጥቅሉ ለይቶ ለማውጣት ከግማሽ ቀን ጉልበት በላይ አይጠይቅም። ጥያቄው ንብረት አስወጋጁ ኮሚቴ ውስጥ መስፍን ከተራ ብረት የሚለይ ሰው አለ ወይ ነው።

የተጫራቾች መመሳጠርም አለ። ተጫራቾች አስቀድመው ተስማምተው አንዱ እንዲወስድ ሌሎቹ እንዲያፈገፍጉ ማድረግ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚመጡበት ሐራጅ ላይ ግን ለመመሳጠር ይቀላል። ብዙ ቀጥቃጭ የሚመጣበት፣ በነጠላ የሚሸጥ ሐራጅ ለዚህም መድኃኒት ነው።

ነገሩ ወደ ብድር ይመለሳል

የዋጋው አለመጨበጥ የገዢና የሻጭ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና ሕንፃ የሌለው ሰው መሣሪያውን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። መስፍ፣ ሞርሳና የብየዳ ማሽን ያለው ቀጥቃጭ በሕግ ረገድ መያዣ አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ አበዳሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ባይከፍለኝ በሐራጅ ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። መልሱ ከ4 ሺህ እስከ 40 ሺህ ከሆነ ጠንቃቃ አበዳሪ የሚይዘው 4 ሺሁን ነው። የሐራጁ ገበያ የተዘበራረቀ በመሆኑ ቀጥቃጩ በ40 ሺህ ብር መሣሪያ የ4 ሺህ ብር ሰው ሆኖ ይታያል።

በሌላ በኩል ያገለገለ መሣሪያ ተፈላጊነቱ የሚቀንስበት ጊዜ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው የዶላር ምንዛሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ አዲስ መስፍ በብር ሲሰላ ለትንሽ ወርክሾፕ ይበልጥ ርቆታል። ይህ ደግሞ በየመጋዘኑ የተቀመጠውን አሮጌ ብረት ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ለሚያውቀው ሰው።

ጥንቁቅ ተጫራች ምን ያደርጋል?

ከላይ ከተባለው የሚወጣው ምክር አጭር ነው። በማሳያው ቀን ዕቃውን ያላየ አይጫረት። ራሱ የማያውቅ ከሆነ የቀን አበሉን ከፍሎ ከምናለሽ ተራ አንድ ቀጥቃጭ ይዞ ይሂድ፤ ከ36 ሺህ ብር ስህተት ጋር ሲነጻጸር አበሉ ኢምንት ነው። ሒሳቡን ከታች ይጀምር፤ ማለትም በመጀመሪያ የቁርጥራጭ ዋጋውን፣ ቀጥሎ በዓይኑ ያረጋገጠውን መሣሪያ ዋጋ ይደምር፤ ያላረጋገጠውን እንደ ቁርጥራጭ ይቁጠር። ከዚያ ማጓጓዣን፣ ማስጫኛንና ታክስን ይቀንስ። የመጨረሻውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይክተት፤ አዳራሽ ውስጥ የሌላው ሰው ድምፅ ሲጋል ያንን ወረቀት እንጂ ሌላ እንዳይሰማ። ለመስፉ ብቻ የሚፈልጉ ሦስት አራት ቀጥቃጮችም ሕጋዊ ማኅበር ካላቸው በማኅበሩ ስም በአንድነት ቢጫረቱ፣ ዝገቱን ለቁርጥራጭ ነጋዴ ሸጠው መሣሪያውን ሊካፈሉ ይችላሉ።

የአገራችን ሰው ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላል። ለቀጥቃጩ እውነት ነው። ብረቱን የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ሊገዛ ሐራጅ ለሚገባ ሰው ግን ሒሳቡ የሚያልቀው ከዋዜማው፣ ቀዝቀዝ ባለ ጭንቅላት ነው።